አልቆጠርም ያሉት አማት

ምራቲቱ የሕዝብ ቆጠራ ሥራ ያገኘችው ማንንም አሸንፋ አይደለም። በከተማዋ አራት ፎቅ ወጥቶ የሚወርድ ጉልበት ያለው ሰው ጠፍቶ ነው። ወጣቱ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ነቅሎ ሄዷል፤ የቀሩት አዛውንቶች ናቸው። የማዋለጃ ክፍሉ እንኳ ወላድ ጠፍቶ ከተዘጋ ሰነባብቷል። ከአምስት ዓመት በፊት ግን በጎረቤት አገር ጦርነት ተነሣና ስደተኛው ድንበር አቋርጦ ገባ። እሷም ባሏንና አማቷን ይዛ የመጣችው ያኔ ነው።

አለቃዋ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው የአገሩ ተወላጅ ናቸው። "ባለፈው ቆጠራ እኔ የቆጠርኩት ሰው ሳይሆን በየበሩ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ቁልፍ ነው" ይሏት ነበር። አሁን ያው በር ሲንኳኳ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

ቆጣሪ የራሱን ቤት መቁጠር አይፈቀድለትምና በመጨረሻው ቀን አለቃዋ ራሳቸው ቤቷ መጡ። አማቷ ወንበራቸው ላይ ኮራ ብለው ጠበቋቸው።

"እኔን ይለፉኝ" አሉ። "ድንበር ላይ ትከሻችንን በዱላ እየነኩ ቆጠሩን። መጠለያም እንደ ከብት ጠዋት ማታ ቆጠሩን። በቃኝ! ደግሞስ እዚህ ከተቆጠርኩ አገሬ አልመለስም ማለት አይደል?"

"እማማ፣ በሞቴ፣ አለቃዬ እኮ ናቸው!" አለች ምራቲቱ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ሰውየው አልተቆጡም። ወንበር ሳቡና፣ "ቆጠራው አገርዎን አይነጥቅዎትም፤ ሌሊቱን እዚህ ማን እንዳደረ ነው የሚጽፈው" አሏቸው። ከዚያ ቅጹን ገለጥ አድርገው፣ "ለመሆኑ ሙያዎ ምንድን ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

በአምስት ዓመት ውስጥ አማቲቱን ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ሕመማቸውን ያልጠየቃቸው አልነበረም። ሙያቸውን የጠየቃቸው ግን አንድም ሰው የለም።

"የሂሳብ አስተማሪ" አሉ ቀስ ብለው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጨመሩ፣ "ሠላሳ አንድ ዓመት!"

"እንግዲያው ይችን ይዩልኝ፤ የኔ ዓይን ደክሟል" ብለው አለቃው የሰፈሩን ማጠቃለያ ሰጧቸው።

አማቲቱ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ዓምዱን ወደ ታች ወረዱ። "ምነው ልጄ!" አሉ ወደ ምራታቸው ዞረው። "ከአምስት ዓመት በታች መቶ አርባ ሁለት ብለሻል። መቶ አምሳ ሁለት ናቸው። አሥር ሕፃን የት ጣልሽ?"

አለቃው በሳቅ ፈረሱ፤ ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ የጻፍኩት ዘጠኝ ነው" አሉ።

አማቲቱ ወረቀቱን መለሱላቸው። "በሉ ይጻፉኝ" አሉ በመጨረሻ። "አስተማሪ ብለው።"

በሳምንቱ ማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ተሰጥቷቸው የሌሎቹን ሰፈሮች ድምር ያርሙ ጀመር። ውጤቱ ሲነገር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕዝቧ ሲመናመን የኖረችው ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ አድጋ ተገኘች፤ የማዋለጃ ክፍሉም እንዲከፈት ተወሰነ።

የዚያን ዕለት አማቲቱ ካፖርታቸውን አስተኩሰው ግቢ ወረዱ። ነባሩንም መጤውንም አንድ በአንድ እያስቆሙ፣ "የቆጠረቻችሁ እኮ የኔ ምራት ናት!" ይሉ ነበር።

ምራቲቱ መስኮቱ ጋ ቆማ ሰማቻቸው። ከዚያን ቀን በፊት "የኔ ምራት" ብለው ጠርተዋት አያውቁም ነበር።