የተቆለፈበት ቅባት

ዊልሜታ ከአውቶቡስ ስትወርድ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ የልጇ ቅባት መደርደሪያው ላይ ባይኖርስ? ሻንድራ የጸጉር ቅባቷን ለዚህ ትልቅ መደብር ለማቅረብ ብላ የሆስፒታል ሥራዋን ለቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዊልሜታ እንቅልፍ የላትም። መደብሩ ነገ ቢተዋቸው ምን ሊውጣቸው ነው?

ቅባቱስ ነበረ። ግን የሌላው ሰው ሻምፖ እንደ ልብ በሚነሳበት መተላለፊያ አይደለም። ጥግ ላይ፣ የጥቁር ሴቶች የጸጉር ዕቃ ሁሉ በታጎረበት መስታወት ውስጥ ተቆልፎበታል። ጎኑ ላይ ሠራተኛ የሚጠራበት ደወል አለ፤ ደወሉ ዘንድ የጽዳት ልብስ የለበሰች ወጣት ቆማለች።

"ብዙ ቆየሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?"

"ሦስቴ ደወልኩ፣ እማማ። የምሳ ሰዓቴ አለቀ። ሠራተኛው ቁልፉን ሊያሠራ ሳይሄድ አልቀረም።"

"የትኛውን ፈልገሽ ነው?"

"ያንን ቢጫ ክዳን ያለውን። ጸጉሬን ከመርገፍ ያዳነው እሱ ነው።"

የልጇ ነው። ዊልሜታ ደስ ሊላት ሲል ሠራተኛው መጣ፤ ከፍቶ አንድ ብልቃጥ አነሳ። ወጣቷ እጇን ስትዘረጋ ግን ወደ ራሱ ሳበው።

"እስክትከፍዪ በእጅ አይሰጥም። ገንዘብ ተቀባይዋ ድረስ ይዤልሽ እሄዳለሁ።"

"የወዲያኛውን ሻምፖ እኮ ሁሉም በእጁ እያነሳ ነው" አለች ዊልሜታ።

"ደንብ ነው፣ እናቴ። የሚሰረቅ ዕቃ ይቆለፋል።"

"ማን ነው የሚሰርቀው?"

ሰውየው መስታወቱን መልሶ ቆለፈ።

ዝም በይ፣ አላት ፍርሃቷ። ልጅሽ ሌላ እንጀራ የላትም። ዊልሜታ ግን አፏ ቀደማት።

"ተይው፣ የኔ ልጅ። ይሄን የምትሠራው ልጄ ናት። ቤታችን ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው፣ አረንጓዴ በር ያለው። ቅዳሜ ነይና በእጅሽ ይዘሽ፣ አሽትተሽ ግዢ።" ሌሎች ሁለት ሴቶች ዞር ሲሉ ድምጿን ከፍ አደረገች። "እናንተም ኑ። እዚያ ማንም አያጅባችሁም።"

ሥራ አስኪያጁ እየተጣደፈ ደረሰ። "እመቤቴ፣ እንዲህ ካደረጉ ልጅዎ ውሏን ታጣለች።"

"አውቃለሁ። ክፉ ክፉውን በማሰብ የሚቀድመኝ የለም። ካጣችም ትጣው።"

ቤት እንደደረሰች የሆነውን ሁሉ ለልጇ ነገረቻት። ሻንድራ የቅባቱን ድስት እያማሰለች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

"ስንት ወር ደጅ የጠናሁበት ነበር፣ እማ።"

"አውቃለሁ።"

"መቆለፉን ካየሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"ፈርተሽ?"

"ታዲያ ፍርሃቱን ከማን የወረስኩት ይመስልሻል?"

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ለሻንድራ ደወለ። እናትየው ዳግመኛ ካልመጣች ነገሩን እንደሚረሳው ነገራት። ሻንድራ እናቷን አየት አደረገችና፣ "ወይ መቆለፉን ተዉት፣ ወይ ዕቃዬን መልሱልኝ" አለችው። ሰውየው ዕቃውን መመለስ መረጠ።

ቅዳሜ ዊልሜታ ገና በጠዋት በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ዘረጋች። ማንም አይመጣም፣ አለች ለራሷ፤ በዚህ ዕድሜዬ ልጄን ከሥራ አስወጣኋት። ረፋዱ ላይ የገዢዎቹ ሰልፍ ከደረጃው ወርዶ የጎረቤቱን አጥር ሲያልፍ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

"ሻንድራ፣ ቢያልቅብንስ?"