ከሁለት እስከ አሥራ አንድ

ሞቱማ ዲግሪ አለው፤ እኔ የለኝም። የሕንፃን ሙቀት የሚያሰላውን ሶፍትዌር ግን በቢሯችን የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። አብነት ሰፈር አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የለመድኩት።

እዚሁ ልደታ ሊሠራ የታሰበውን ባለ ስምንት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ንድፍ ገና እንዳየ ሞቱማ፣ "በምዕራብ በኩል ሙሉ መስታወት? ከሰዓት በኋላ ሰው ይቀቀላል!" አለ። አሰላሁት። አይቀቀልም፤ ማቀዝቀዣም አያስፈልግም። ወረቀቱን በአለቃችን በጋሽ ፈቃደ ፊት ሰጥቼው፣ "እንካ፣ ዲግሪህ ላብህን ይጥረግልህ" አልኩት። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ዛሬ ባለ ሕንፃው ሐጂ አብዱልከሪም በዘጠኝ ሰዓት መጥተው ንድፉን ሊያጸድቁ ነው። ስምንት ተኩል ላይ፣ ለሳቸው የሚያምር ነገር ላትም ብዬ የሕንፃውን የአንድ ቀን ውሎ የሚያሳየውን ግራፍ ከፈትኩ። መብራቱ የሚበራው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሠራተኛው ደግሞ እኩለ ቀን ሳይሞላ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ምን ዓይነት ቢሮ ነው?

ያስገባሁትን የሥራ ሰዓት አየሁ፦ ከ2 እስከ 11።

ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሠራተኞቹን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አስገብቼ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት አሰናብቻቸዋለሁ። ሙቀቱ የሚቆጠረው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ባዶ ክፍል ማንን ያልበዋል?

8 እና 17 ብዬ አስተካከልኩ። ምዕራቡ ክፍል፣ ከቀኑ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ አራት ዲግሪ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ያቺ ሳቅ ግን ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

ጋሽ ፈቃደ ብቅ አሉ። "ሀዲያ፣ አለቀ? ሐጂ ደረጃው ላይ ናቸው።"

"ጋሽዬ፣ ተሳስቻለሁ። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር አስገብቼው... መስታወቱ አይሆንም።"

ስክሪኑን አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሌላ ማን አይቷል?"

"እርስዎና እኔ።"

"እንግዲያው አሮጌውን አትሚ።"

አዲሱን አተምኩ። ፕሪንተሩ እያቃሰተ ሳለ ሞቱማ መጥቶ የመጀመሪያውን ገጽ አነሳ። እስከ ታች አነበበና ጣቱን "የሥራ ሰዓት፦ ከ8 እስከ 17" የሚለው ላይ አሳረፈ።

"እቴ፣ ይሄስ በየትኛው ሰዓት ነው? በኛ ነው በፈረንጅ?"

ፊቴ ጋለ። "በፈረንጅ" አልኩት።

ሐጂ ከበሩ ላይ ሰላምታ ሲያቀርቡ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩና፣ ጋሽ ፈቃደን ሳላይ፣ ወደሳቸው ሄድኩ።