የተነሳው ድንጋይ

በጤና ጣቢያችን በረንዳ ላይ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ የእኔ ነው፣ ሌላው የእትዬ። ሕመምተኞች ከሩቅ በጠዋት ተነስተው ስለሚመጡ ቆመው አይሰለፉም። እያንዳንዱ በመረጠው በር ፊት አንድ ድንጋይ ያስቀምጥና ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ተራውን ይይዝለታል። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት በእትዬ በር ፊት አሥራ ሰባት ድንጋዮች ነበሩ። በእኔ በር ፊት ሁለት። ከሁለቱ አንዱ በሩ እንዳይዘጋ ዘበኛው ያስደገፈው ነው።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ በማዕረግ ተመርቄያለሁ። እትዬ ረዳት ነርስ ናት፤ የስድስት ወር ኮርስ ወስዳ ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ስትወጋ ኖራለች። ሰዉ «እጀ ቀላል» ይላታል፣ መርፌዋ አያምም ለማለት። እኔን «ተማሪዋ» ይለኛል። አራት ወር ስቆይ ስሜን የጠየቀኝ የለም። ፊት ለፊት እትዬን አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ናት።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ሳቁ ነበር። ክፍሎቻችንን የሚለያቸው ስስ ግድግዳ ነው፤ ከወዲያ በኩል ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። መርፌ ሊወጋ ገብቶ የሚስቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔን ሲያይ የሚያለቅስ ሕፃን እሷ ዘንድ ሲገባ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ምን እንደምትላቸው ልስማ ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። «ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ?» ስትል ሰማሁ። በቃ፣ ይኸው ነበር ጥበቡ።

የዚያን ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ መጥተው ድንጋያቸውን በእኔ በር ፊት አስቀመጡ። መስኮቱ ጋ ቆሜ እያየሁ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ዘለለ። ዘበኛው ግን ከበሩ ሆኖ ጮኸ።

«አባቴ፣ ያ እኮ የተማሪዋ ነው!»

«ወይኔ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው ልጄ፣ ይቅርታ» አሉና ድንጋዩን ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው አፈፍ አድርገው ወደ እትዬ ሰልፍ ወሰዱት።

ይቅርታ የጠየቁት እኔን ሳይሆን ዘበኛውን ነበር።

ሕመምተኞቹ ቧንቧው ጋ ሊታጠቡ ሲሄዱና ዘበኛው ወደ ጓሮ ሲዞር ወጣሁ። ከእትዬ ሰልፍ ስድስት ድንጋዮች አንስቼ በራፌ ላይ ደረደርኩ። ሥራ መከፋፈል ነው አልኩ ለራሴ። ሰዎቹ ቶሎ ይታያሉ፣ እሷም ታርፋለች። እንዲህ ዓይነት ምክንያት ለመደርደር ማን ብሎኝ።

አምስቱ ባለቤቶች ሲመለሱ ሳቁ። «ድንጋዬ እግር አወጣ እንዴ?» አለች አንዷ። ድንጋዮቻቸውን አነሱና ወደ እትዬ ሰልፍ መለሱ። እኔን ቀና ብሎ ያየኝም አልነበረም።

አንዱ ድንጋይ ግን ቀረ። ነጭ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰማያዊ የጨርቅ ቁራጭ ታስሮበታል። ባለቤቱ አይቶት ዝም ያለው ወደ እኔ መምጣቱን ወዶ ነው ብዬ አሰብኩ። አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ አነጠፍኩ። ጠረጴዛዬን ወለወልኩ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ማንም አልመጣም። ስድስት ሰዓት ሲሆን አላስቻለኝም፤ ወደ ዘበኛው ሄድኩ።

«ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበት ድንጋይ የማን ነው?»

«የነፍሰ ጡሯ ነዋ፣ የአናጢው ሚስት። ጠዋት መጥታ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል ስትል ነበር። ፊቷም እንዲህ ሆኖ።» ጉንጩን ነፋ።

«ታዲያ የት ሄደች?»

«ቤቷ። እትዬ ድንጋይዋን አነሳችላት።»

«አነሳችላት ማለት?»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አራት ወር ሙሉ እዚህ ምን ስትሠሪ ነው የከረምሽው? እትዬ ጠዋት ሰልፉን ታይና ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይችለውን ሰው ድንጋይ ታነሳለች። ቤትህ ሂድና ተኛ፣ ረፋድ ላይ እመጣልሃለሁ ማለቷ ነው። ልጅቷ ከቧንቧው ቀድማ ስትመለስ ድንጋይዋ የለም። ‹ተመስገን፣ እጀ ቀላሏ ልትመጣልኝ ነው› ብላ አጥር እየተደገፈች ሄደች። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ራስ ምታት፣ ብልጭታ፣ ያበጠ ፊት፤ ይህን በሕልሜም ብጠየቅ እመልሰዋለሁ። ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ደግሞ ሁለት ነፍስ አደጋ ላይ ነው። እትዬ ደግሞ ድንጋይዋን ስላላነሳች ወደ ቤቷ አትሄድም።

ብቻዬን ብሄድስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። መድኃኒቱን ይዤ፣ ብቻዬን ደርሼ፣ ብቻዬን አድኜ። ሐሳቡ ጣፈጠኝ፤ ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ያህል። ግን ቤቱን አላውቀውም። ባውቀውም እኔን ማን ያስገባኛል?

የእትዬን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩ።

«እትዬ፣ የአናጢው ሚስት ድንጋይ እኔ ጋ ነው። ከእርስዎ ሰልፍ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ያነሱላት መስሏት ቤቷ ሄዳለች።»

መርፌዋን አስቀመጠች። «ራሷን አሟታል?»

«ዓይኗም ብልጭ ይልባታል። ፊቷ አብጧል።»

ጓንቷን አወለቀች። «የመድኃኒቱን ሳጥን ያዢ» አለች።

የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ከእኔ በሠላሳ ዓመት ትበልጣለች፣ ግን እኔ ነበርኩ ከኋላ የምከተለው። እግሯም አስቀናኝ።

አማቷ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። «እጀ ቀላሏ! ስንጠብቅሽ ዋልን እኮ! አሁን እንቅጥቅጥ አደረጋት፣ ምላሷን ነክሳ ደማች!»

ሴትየዋ በጎኗ ተኝታለች፤ ሲጠሯት አትሰማም። ግፊቷን ለካሁ፤ አንድ መቶ ሰማንያ በአንድ መቶ ሃያ። አምቡላንስ ጠራሁ፤ ዋናው መንገድ ድረስ አምጧት አሉኝ። መንቀጥቀጡን የሚያስቆመውን መድኃኒት ቀድቼ ስጠጋ አማቷ ክንዴን ያዙት።

«ተማሪዋ አትነካትም! በሰው ልጅ አትለማመጂ!»

«የዚህን መድኃኒት ልክ የምታውቀው እሷ ናት» አለች እትዬ። «እኔ አልተማርኩትም።»

«ታዲያ እሷ ትለካ፣ አንቺ ውጊያት!»

እትዬ ዞራ አየችኝ። ለመከራከር ጊዜ አልነበረም። ሲሪንጁን ሰጠኋት። እኔ ለካሁ፣ እሷ ወጋች፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። መርፌው ጡንቻ ላይ ሲገባ እንደ እሳት ያቃጥላል ተብሎ ነው የተማርነው። ሴትየዋ ግን ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቀችም። ራሷን ስለማታውቅ ነው አልኩ በልቤ። ግማሽ በግማሽ ብቻ አመንኩት።

ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ ተሸከሟት። አምቡላንሱ ከመምጣቱ በፊት ዓይኗን ገልጣ የፈለገችው እትዬን ነበር።

በአምስተኛው ቀን አናጢውና እናቱ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። በኦፕራሲዮን ተገላግላለች፤ ልጁ ትንሽ ነው፣ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። እናቱ እትዬን አቅፈው እያለቀሱ ሳሟት። በረንዳው ላይ የነበረ ሕመምተኛ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለ አናጢው። «ሚስቴ በጠዋት ነው የተመለሰችው። እስከ ቀትር ምነው ቆየሽ?»

«ድንጋይዋ ተንከባሎ ጠፍቶብኝ ነው» አለች እትዬ፣ ዓይኗን ሳታሽ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ኧረ ተይ!» አሉ እናትየው። «የማይሳሳት ሰው አለ? ዋናው መድረስሽ ነው።» ሌሎቹም «እውነት ነው»፣ «ደክሟት ነው እንጂ» እያሉ ተቀበሏቸው። በአንድ አፍታ ይቅር አሏት።

ይህንን አልቻልኩም። እኔ ያጠፋሁትን ጥፋት እንኳ ይቅርታውን እሷ ትውሰደው? ከህሊናዬ በፊት አፌን የከፈተው ቅናቴ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

«አልተንከባለለም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሰው ወደ እኔ እንዲመጣ ብዬ።»

«ምነው ልጄ» አለች እትዬ በለሆሳስ።

እናትየው እትዬን ለቀቁና ወደ እኔ መጡ። በጣም ቀረቡኝ። ፊቴን፣ ጋውኔን፣ እጆቼን አንድ በአንድ ተመለከቱ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሰው አልነበረም።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ልከስሽ ነዋ!»

ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው። እንዳይረሱት ሁለት ጊዜ ደገሙት።