የኬሾብ ውሃ

ታራፓዶ ባዶ ከረጢት አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ መግባት ከጀመረ ሰነባብቷል። በራኒሳገር ሐይቅ ዳር ከእሱ የቀርከሃ መደብ ቀጥሎ ያለው መደብ የኬሾብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዓሣው ሠርግ የተጠራ ይመስል ይተማል። ጉድ እኮ ነው! ሐይቁ አንድ፣ ንፋሱ አንድ፣ መንጠቆው ያው፤ የአንዱ ቡሽ ስምጥ ብቅ ሲል የሌላው ተጋድሞ ይውላል። ለመሆኑ ኬሾብ ማነው? ዘንድሮ ዝናቡ ሳያባራ ከሩቅ አገር ተዛውሮ የመጣ የባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ! ታራፓዶ ግን ጥርሱን የነቀለው በዚህ ውሃ ላይ ነው።

«የዚያን ሰው ስም በዚህ ቤት እንዳልሰማ!» ብሎ ለሚስቱ ለማሎቲ ከተናገረ ቆይቷል። እሷም ከዚያ ወዲህ አላነሳችም።

ዝናቡ አልቆ የካርቲክ ወር ሲገባ፣ ማታ ማታ ጤዛው ሲጀምር፣ ካትላ የሚሉት ራሰ ትልቅ ዓሣ ብርዱ ሳይጠና ሆዱን ለመሙላት ይጣደፋል። አጥማጅ ሁሉ ከዋዜማው ጀምሮ መደቡ ፊት ያለው ውሃ ውስጥ ማባበያ እያድቦለቦለ ይጥላል። ዓሣው ሽታውን ለምዶ እዚያው ይሰፍራል። ታዲያ ሌላው ሰው ማባበያ የጣለበትን ውሃ መንካት ነውር ነው፤ የራኒሳገር ሰዎች የሰው ሚስት ከመንካት አይለዩትም።

የታራፓዶን ማባበያ የምትሠራለት ማሎቲ ናት። የሰናፍጭ ፋጉሎ ታቦካለች፣ የተቆላ አብሽ ትነሰንስበታለች፣ በመጨረሻ በዘይትና በቅመም ከዘፈዘፈችው የማንጎ አቻር ማሰሮ ዘይቱን ጠብ ታደርግበታለች። ያቺን ዘይት ከእሷ በቀር የሚያደርግ የለም።

አንድ ምሽት ታራፓዶ ቡሹን እያየ ሳለ፣ ፀሐይዋ ወደ ማዶው ስታዘቀዝቅ ኬሾብ መጥቶ በራሱ መደብ ላይ ተቀመጠ።

«ዳዳ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?» አለ። ታላቁን ሰው ሁልጊዜ ዳዳ ነው የሚለው፣ ታላቅ ወንድሜ እንደማለት።

«አንተ ጠራርገህ ወስደህ ምን ተረፈና ትጠይቀኛለህ?»

«ኧረ ዳዳ! ለአንተማ አስተርፋለሁ!» ብሎ ሳቀና የማባበያ ጥቅልሉን ፈታ።

ንፋሱ ከኬሾብ ወደ ታራፓዶ ይነፍስ ነበር። መጀመሪያ አብሹ ሸተተው። ቀጥሎ የማንጎው ዘይት መጣ። ቀና ብሎ ቢያይ መጠቅለያው ጠርዙ ቀይ የሆነ አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ የማሎቲ አሮጌ ሳሪ ቁራጭ! ቤቱ ውስጥ ያለ ምስጢር በሌላ ሰው እጅ ላይ ተዘርግቶ አየው።

ያኔ የትናንቱ ነገር ትዝ አለው። ትናንት እህቶች የወንድሞቻቸውን ግንባር በሰንደል እንጨት ልቁጥ የሚቀቡበት በዓል ነበር። የማሎቲ አንድ ወንድሟ በልጅነቱ ሞቷል፤ እሷም በየዓመቱ በስሙ የቤታቸውን መቃን በሰንደል ትነካ ነበር። ትናንት ማታ ከሚሠራበት የሩዝ ወፍጮ ሲመለስ ግን መቃኑ ላይ ምንም አልነበረም። ረስታው ይሆናል ብሎ አልፎ ነበር። አሁን ግን፣ ልቧ የት ቢሄድ ነው የሞተ ወንድሟን የረሳችው? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር!

«ማባበያህን ማን ሠራልህ?» አለ፣ ድምፁ እየሻከረ።

ኬሾብ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። «እሱን ኋላ እነግርሃለሁ። አንድ የማጫውትህ ጉዳይ አለኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ሻይ ላምጣልን።»

ይኸው! ሚስቱን ወስዶበት ሲያበቃ ሻይ እያጠጣ ሊነግረው! ኬሾብ ሻይ ቤቱ ጋ ሳይደርስ ታራፓዶ ከመደቡ ወረደ፤ ለምሽቱ ያመጣውን ፋኖስ መክደኛ ከፈተና ነጭ ጋዙን በሙሉ የኬሾብ ውሃ ላይ ገለበጠው። ጋዝ የነካውን ውሃ ዓሣ ስንት ቀን ዝር አይልበትም። ባዶውን ፋኖስ ይዞ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ደስ ግን አላለውም።

ኬሾብ በሁለት የሸክላ ስኒ ሻይ ይዞ መጣ። ቁጭ ሳይል አንዱን ሰጠው።

«በል ተነስ፣ ዳዳ። ቦታ እንቀያየር።»

«ምን?»

«የእኔ ውሃ ዛሬ ያንተ ነው። እንዳትቆጣ እንጂ፣ ትናንት ጠዋት ማሎቲ ዲዲ ግንባሬን ቀባችኝ።» ከዚህ በፊት የዳዳ ሚስት እያለ ይጠራት የነበረችውን ዛሬ ዲዲ አላት፣ እህቴ እንደማለት። «የእኔ እህት ከሞተች ወዲህ በዚያ ቀን ግንባሬ ባዶ ነበር። ጉሊት አትክልት ስንገዛ ይህን ብነግራት፣ እኔም ወንድም የለኝም፣ ና አለችኝ። ወንድም ለእህቱ ስጦታ ይሰጣል አይደል? ምን ልስጥሽ ብላት፣ "ባሌ ባዶ እጁን መምጣቱ ልቡን ሰብሮታል፣ ውሃህን ስጠው" አለች። ይህን ማባበያም ላንተ ብላ ነው የሠራችው፤ ትናንት ማታ ጣልኩልህ፣ ዛሬም ልጨምርልህ ነበር። ስሜን ስለማትወድ ፈርታ ነው ያልነገረችህ።»

ኬሾብ ታራፓዶን እየጎተተ ወስዶ በራሱ መደብ ላይ አስቀመጠው። ከፊቱ በመጨረሻው ብርሃን ውሃው ላይ ጋዙ ቀለም እየቀያየረ ተንሳፍፏል። ኬሾብ ውሃውን አየ። ባዶውን ፋኖስ አየ። የታራፓዶን እጅ አየ። ሻዩን ሳይጠጣ መደቡ ላይ አስቀመጠው።

«ፋኖሱ ተገልብጦ ነው» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ያጋጥማል። ዲዲ ስትጠይቅ እኔ ገለበጥኩት እንላለን።»

ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ተያይዘው የታራፓዶ ቤት ሲደርሱ ማሎቲ ደጅ ላይ ቆማለች። ሩዙ ወጥቷል፤ ለዓሣው የሚሆነውን ሰናፍጭ በአረንጓዴ ቃሪያ ፈጭታ አዘጋጅታለች። ባሏ ከኬሾብ ጋር አብሮ ሲመጣ አይታ ፊቷ በራ።

«ታረቃችሁ! ዓሣው የት አለ? ትልቅ ነው?»

«ዲዲ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፋኖሱን…» አለ ኬሾብ።

«ውሸቱን ነው» አለ ታራፓዶ። መቃኑን ተደግፎ ነበር የቆመው። «እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። ሆን ብዬ። ያንቺን ማባበያ እጁ ላይ ሳይ… ያልሆነ ነገር አሰብኩ። በአንቺ ላይ።»

ማሎቲ እጁን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ለቀቀችው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እንጨት ስቀባ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ሆንሽ ብለኸኝ አታውቅም» አለች። «እንጨቱ ሰው ሲሆንልኝ ነው የቀናኸው?»

ገባችና ለሦስት ሰው አቀረበች፤ ለወንድሟ መጀመሪያ ጨለፈች። ሩዙን በዚያ ለዓሣው በተፈጨ ሰናፍጭ ብቻ እያጠቀሱ በሉ። ታራፓዶ ደጋግሞ በሳሙና ቢታጠብም፣ እያንዳንዱ ጉርሻ ጋዝ ጋዝ ይለው ነበር።