የተነሣው ጾም

ታንጉ ልጇን ፍቅርተን ይዛ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ስትመላለስ ይህ ስድስተኛ ሳምንቷ ነው። ልጅቷ ከምግብ ጋር ከተኳረፈች ዓመት አልፏታል፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የታናሽ እህቷ ቀሚስ ይሰፋታል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ይሁኔ መድኃኒቱ ገበታው ነው ይላል፤ እናት አጠገቧ ትቀመጥ፣ አብራት ትብላ፣ ልጅቷ ሳትጨርስ አትነሣ።

ዛሬም ሚዛኑ ወረደ።

«እትዬ ታንጉ፣ አብረው እየበሉ ነው?» አለ ይሁኔ።

«አጠገቧ እቀመጣለሁ።»

«መብላቱን ነው የጠየቅኩት።»

ታንጉ ነጠላዋን አስተካከለች። የንስሐ አባታቸው «ትብላ» ብለው የልጅቷን ጾም አንሥተውላታል። ታንጉ ደግሞ የተነሣው ጾም ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብላ በራሷ ላይ ደርባዋለች። ልጇ እስክትድን በቀን አንዴ፣ ያውም ማታ፣ ልትቀምስ ተስላለች።

«ቁጭ ብላ ጉርሻ ትዘረጋልኛለች» አለች ፍቅርተ። «ምራቋን ስትውጥ እሰማታለሁ። እሷ ስትበላ እበላለሁ።»

ይሁኔ ከመሳቢያው ብስኩት አውጥቶ ለሁለት ከፍሎ ለእናትና ለልጅ ሰጣቸው። ገና ረፋድ ነው። ፍቅርተ ድርሻዋን ይዛ እናቷን ጠበቀች። ታንጉ ስድስት ሳምንት ሙሉ ፈጣሪዋን የለመነችው ይህችን ደቂቃ ነበር።

«ዶክተር፣ ስእለቴን ካፈረስኩ ልጄን ይወስድብኛል» አለች።

«ካልበሉስ?»

ታንጉ ድርሻዋን ጨበጠች። ብስኩቱ መዳፏ ውስጥ ላብ ጠጥቶ ለሰለሰ።

ፍቅርተ የራሷን ድርሻ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰች።