በፀሐይ የደረቁ ነጭ ጋውኖች

ከዚህ በታች ከተጻፈው አንዲት ቃል እንኳ ተጨምራ ከሆነ ዓይኔ ይፍሰስ። እንዲያውም ቀንሻለሁ፤ እንዳለ ብጽፈው ወረቀቱ አይችለውም።

የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ አሥራ አንድ ነጭ ጋውን የታጨቀበትን ከረጢት ባንኮኒው ላይ ስትወረውረው የላውንደሪው መስታወት በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ መንገድ ማዶ ቆሞ የነበረ ውሻ እንኳ ደንግጦ ቁጭ አለ። ባለቤቱ፣ ሰፈሩ «ወኪሉ» እያለ የሚጠራው ሰው፣ እንደ ልማዱ እያፏጨ የአንድ ኮት ቁልፍ ይተክል ነበር። ፉጨቱ ከአፉ ላይ ተቆረጠ።

«ሲስተር፣ ምነው በሰላም?»

«ያሽትቱት።»

«ምኑን?»

«አንዱን ያንሱና ያሽትቱት አልኩ!»

ወኪሉ አንዱን ጋውን አንስቶ አፍንጫውን ቀበረበት። የዚህ ሰው አፍንጫ የዋዛ አፍንጫ አይደለም፤ ሦስት ሰፈር ርቆ ሲጋራ ቢለኮስ ማን እንደለኮሰው ይናገራል። የዚያን ዕለቱን ሽታ ለመለየት ግን ይህ ሁሉ ጥበብ አላስፈለገውም። ጉንፋን የያዘው ሰው እንኳ የማይስተው ሽታ ነበር። ናፍጣ።

«ትናንት አንድ በሽተኛ ‹ዶክተሩ ጋራዥም ይሠራሉ እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ» አለች ነርሷ። «የክሊኒኩ ልብስ እዚህ ይታጠብ ብዬ ከስንቱ ጋር እንደተጣላሁ ያውቃሉ? በርዎ ላይ የጻፉትን አምኜ እኮ ነው!»

በሩ ላይ በሰው ቁመት ፊደል የተጻፈው «ሁሉም በፀሐይ የደረቀ። ጭስ የለም» ይላል። ወኪሉ ይህን ያጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በፊት ልብስ የሚደርቀው በማሽን ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ የሚሠራው ከጓሮ በቆመ የናፍጣ ጀነሬተር። አንድ ቀን ተነሥቶ ማሽኑን አቆመና ከጣሪያው ላይ አራት ኪሎ ሜትር ገመድ ዘረጋ፤ የማጠቢያ ውሃውንም ጥቁር ቀለም በተቀቡ በርሜሎች ለፀሐይ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፀሐይ ሲያወራ ፊርማዋንና ማኅተሟን የሰጠችው ይመስል ነበር። «ፀሐይ መለዋወጫ አትል፣ ነዳጅ አትል፣ ቀረሁ አትል!» ይላል፣ ካልሲ ሊያሳጥብ የመጣውን ሁሉ አስቁሞ። «ወኪሉ» የሚለው ስም የወጣለትም በዚህ ነው።

ወሬ ብቻ አልነበረም። በሱ ምክር ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ በቀን መብራት ማብራት ተወ። ባለ ዳቦ ቤቱ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሰቀለ። መንደሩ በሙሉ በአንድ ሰው አንደበት ሊለወጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

«እንዲያው ልጠይቅዎት» አለች ነርሷ፣ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ የምትባል ነገር አላየንም። ሲነጋ ዝናብ፣ ሲመሽ ዝናብ። የኛ ልብስ ግን በነጋታው ደርቆ ይመጣል። በምን ደረቀ?»

ወኪሉ መልስ አጥቶ አያውቅም።

«የኔ ገመድ ሌላ ነው፣ ሲስተር። የነፋሱን አገባብ አጥንቼ ነው የዘረጋሁት። ዝናብ ራሱ ጣሪያዬ ላይ ሲደርስ በየት በኩል ልለፍ ብሎ ይጠይቀኛል።»

«ናፍጣውስ? እሱም አስፈቅዶ ነው ያለፈው?»

ወኪሉ ጋውኑን እንደገና አሸተተ። ቀስ በቀስ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቀላ፣ ጠቆረ፣ መጨረሻ ላይ ስሙ ያልታወቀ ቀለም ያዘ።

«ተከዳሁ!» አለ።

«ማን ከዳዎት?»

«የሚስቴ ወንድም! ልብስ ተኳሹ! የገዛ ቤተሰቤ!» ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ መርፌና ክሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። «ጀነሬተሩን ከጀርባዬ እያስነሳ ነው!»

«ሲነሣ አይሰሙም?»

«በየት በኩል ልስማ? ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንደ መድፍ ነው የሚያጓራው!»

ነርሷ የክሊኒኩን ከረጢት እያየች ራሷን ነቀነቀች። «እኔን የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ሠላሳ ትርፍ ጋውን አለን። ‹ዝናብ ነው፣ ሦስት ቀን ታገሱኝ› ብትሉን ማን ይሞት ነበር? ስለ ጭሱ ብለን ነው የመረጥናችሁ፣ መጠበቅ ያቅተናል? አንድ ቃል እኮ ነው!»

ወኪሉ ግን ያን ጊዜ ሐሳቡ ነርሷም ዘንድ ክሊኒኩም ዘንድ አልነበረም። ከጓሮው ግንብ ጀርባ ነበር፤ እትዬ ዘንድ።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ጫማውን ማሰር የማይችል ልጅ ነበር፤ እጁን ይዛ ያሳደገችው እሷ ናት። ላውንደሪው የቆመበትም ቦታ የሷ ጓሮ ነው፤ ሥራ ፈቶ ሲንከራተት አይታ ከግቢዋ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችው። አስም አለባት። የጀነሬተሩ ጭስ ማውጫ ደግሞ የሚተነፍሰው በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቷ መስኮት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሙ «ወይ ጭሱ ይራቅ፣ ወይ አንቺ ራቂ» ሲላት፣ ሌላ ከተማ ካለችው ልጇ ዘንድ ልትሄድ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር። ወኪሉ እግሯ ሥር ወድቆ «ጀነሬተሩን ሸጥኩት! ከእንግዲህ አንዲት ጭስ ብትሸትሽ ወንድሜ አትበይኝ!» አለ። ሻንጣውን ፈትታ ቁምሳጥን ላይ ሰቀለችው። ሰሞኑን ግን ሳሉ ተመልሶባታል። «ብርዱ ነው፣ እትዬ፤ እርጥበቱ ነው» ይላታል። ትናንት ሊጠይቃት ሲገባ ሻንጣው ከቁምሳጥኑ ወርዶ አልጋዋ ሥር ቆሞ አየው።

እንግዲህ የሰውዬውን ቁጣ አስቡት። የቁልፍ ዘለላው ኪሱ ውስጥ እየተንሿሿ፣ ነርሷን አስከትሎ ደረጃውን አራት አራት እየዘለለ ጣሪያው ላይ ወጣ። ገመዶቹ ባዷቸውን ዝናብ ይመታቸዋል። ከአንዱ መቆንጠጫ ወደ ሌላው ሸረሪት ድሯን ዘርግታ፣ ተረጋግታ ቤት ሠርታለች።

«የነፋሱን አገባብ እሷም አጥንታለች» አለች ነርሷ።

ወኪሉ አልሳቀም። ወርዶ የጓሮውን መጋዘን በርግዶ ገባ፤ ሸራውን ገፈፈው። ጀነሬተሩ ለብ ብሎ አይደለም፣ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። የማድረቂያ ማሽኑን በር ሲከፍተው የሞቀ አንሶላ እግሩ ላይ ተዘረገፈ።

«አንተ! ና ውጣ!»

ተኳሹ ካውያውን እንደያዘ ብቅ አለ። ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ከወኪሉ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ሦስት ጊዜ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«አቤት ጋሼ።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጀነሬተር ነዋ።»

«ጀነሬተር መሆኑንማ አውቃለሁ!»

«ታዲያ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ያሾፍብኛል ደግሞ! ማን አስነሣው? በማን ፈቃድ?»

ተኳሹ ነርሷን አየ፣ ወኪሉን አየ፣ ካውያውን አየ። «ልብሱ ታዲያ በምን ይድረቅ ነበር፣ ጋሼ? በወሬ?»

ነርሷ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ሰማሽ ሲስተር? ሰማሽው? እህቱን አግብቼ ቤተሰብ ሆንኩ፣ እንጀራ ሰጠሁት፣ ሥራ አስተማርኩት! ቁልፉን አምጣ!»

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም።»

«ዓይኑን በጨው አጥቦ! ቁልፉን አምጣ አልኩህ!»

ተኳሹ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ጥፋተኛ ሰው ሲያዝ ይኸው ነው፤ ቃል ያጥረዋል።

ወኪሉ እጅጌውን ጨምድዶ ይዞ እየጎተተ ወደ ግንቡ ወሰደው። የእትዬ መኝታ ቤት መስኮት ግንቡ ላይ ነው፤ በጠርዞቹ ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ተወትፎበታል። ጩኸቱን ሰምቶ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ ግማሽ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ደንበኛው ፎጣውን እንዳንጠለጠለ ተከተለው። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ሁለት መቶ ሰው ግቢውን ሞሉት።

«እትዬ!» አለ ወኪሉ፤ ድምፁ ሌላ ከተማ ይደርሳል። «ስሚኝ እትዬ! ያሳለሽ ብርዱ አይደለም! እኔም ተታልዬ ነው! ይኸው የከዳን ሰው!»

ከዚያማ ንግግር አደረገ። እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ ግቢ ተሰምቶ አይታወቅም። «ጭስ ግንብ አያቆመውም!» አለ። «አንዱ ለመቸኮል ያቃጠለውን ናፍጣ ሌላው በደረቱ ይከፍለዋል! ልብስ ሦስት ቀን ቢዘገይ ምን ይሆናል? ሰው ራቁቱን አይሄድ! እኛ ግን ሁሉን ነገር ዛሬ፣ አሁን እንላለን፤ ለአንድ ቀን ጥድፊያ የስንት ዓመት አየር እናበላሻለን! ይሄ ሰው የናፍጣ ማሽን አይደለም ያስነሣው፤ የእህቴን ሳንባ ነው የተኮሰው!»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ጠረገ። ወኪሉም አለቀሰ፤ ዝናቡ ባይኖር እንባው ጓሮውን ያጥለቀልቀው ነበር።

መስኮቱ ተከፈተ። እትዬ ሹራብ ላይ ነጠላ ደርባ፣ የምትስበውን የአስም መድኃኒት በእጇ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ልጁን ልቀቀው» አለች።

«እትዬ፣ አታውቂም እኮ፤ ይሄ ሰውዬ…»

«አውቃለሁ። ልቀቀው።»

ለቀቀው።

ስትናገር በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ትሰበስባለች። ድምፅዋን ለመስማት ሁሉም ጠጋ አሉ።

«ይሄ መስኮት ከጀነሬተሩ አራት እርምጃ ነው። ዝናቡ የጀመረ ዕለት ጠዋት ማን እንዳስነሣው ሰምቻለሁ። አንተ ስትሠራ ታፏጫለህ።»

ተኳሹ የተጨማደደ እጅጌውን አቃና።

«እሱማ ‹ጋሼ፣ እትዬን ጭሱ ይጎዳታል፤ ደንበኞቹን እንንገራቸውና ይጠብቁን› ብሎህ ነበር። ‹እንዴት ብዬ? በሩ ላይ ምን ብዬ ጽፌ? ለዛሬ ብቻ ነው› አልከው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ‹ለዛሬ ብቻ› ቆጥሬአለሁ። የዛሬውን ጨምሮ።» መድኃኒቷን ሳበች፤ ጠበቀች። «ይህን እርጥብ ጨርቅ የወተፈልኝም እሱ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ…»

«እንዳልሸጥከውም አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ከነሸራው ሳየው ኖሬአለሁ። እስካልተነሣ ድረስ ብረት ነው ብዬ ተውኩት። በጭሱም አልተቀየምኩህም፤ ዝናብ ነው፣ ጨንቆት ነው አልኩ። ማታ ማታ ግን እየመጣህ፣ እዚሁ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ጀርባዬን እያሸህ ‹ብርዱ ነው› ስትለኝ…»

አልጨረሰችውም። ሳሉ መጣባት፤ የመስኮቱን ደፍ ይዛ እስኪያልፍ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል የዓይኗ ጠርዝ ቀልቶ ነበር።

«ቁልፉም ኪስህ ነው ያለው። ከሌሎቹ ጋር ሲንሿሿ ይሰማኛል።»

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ክንዱን ይዞ ወደ ሱቁ መለሰው።

ወኪሉ እጁን ኪሱ ከተተ። የቁልፍ ዘለላውን አውጥቶ ከመካከሉ አንዱን ለማላቀቅ ታገለ፤ ጣቶቹን ዝናብ ስለመታቸው ቀለበቱ አልከፈት አለው። ሲያላቅቀው የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ እጇ አጠገብ አስቀመጠው። አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ የሚለው ሁሉ ቀድሞ ያለው ነበር።

እትዬ ቁልፉን አየችው። በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ እሱ መለሰችውና መስኮቷን ዘጋች።

ነርሷ ወደ ባንኮኒው ሄዳ ከረጢቱን ይዛ ተመለሰች። ለወኪሉ አይደለም፣ ለተኳሹ ሰጠችው። «ሲደርቅ ደውልልኝ» አለችው። «መቼም ይሁን።» ተኳሹ ካውያውን አስቀምጦ ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ ወደ ማጠቢያው ገባ።

ወኪሉ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ከመስኮቱ ጀርባ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት፤ ከዚያም የሻንጣ ዚፕ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።