ሰማያዊ አበባ በአዳማ አፈር

አብተው የባለሥልጣን ደጅ ጠንቶ አያውቅም። አንድ አበባ ግን ስድስት ዓመት ደጅ አስጠንቶታል።

አበባው ሃይድራንጃ ይባላል። ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ መውጫ ያለው ሰፈር ስሙን መጥራት ቢያቅተው፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ስለሆነ «የጋሽ አብተው ጎመን» ይለዋል። ደጋ የለመደ፣ ጥላና ውሃ የሚወድ ቅምጥል ተክል ነው፤ አዳማ ላይ እኩለ ቀን ሳይሞላ ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል። ቀለሙ ደግሞ በአፈሩ ይወሰናል። አሲዳማ አፈር ላይ ሰማያዊ ሆኖ ያብባል፣ እንደ አብተው ግቢ ያለ ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ግን ሮዝ። ይህን የአበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አብተው ታዲያ ምን ቢመኝ ጥሩ ነው? የስምጥ ሸለቆን ፀሐይ የሚችል፣ በስምጥ ሸለቆ አፈርም ላይ ሰማያዊ የሚያብብ አዲስ ዝርያ! ደህና ሰው የሚመኘው ነገር አይደለም።

እሱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት መልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ቦሎቄ ሲያዳቅል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እጁ ሥራ መፍታት አልቻለም። አንዱን ወላጅ፣ ሰማያዊውን፣ አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ግቢ አመጣ። ሌላው ከአንድ አበባ እርሻ የተጣለ፣ ፀሐይ የማይበግረው ሮዝ ሃይድራንጃ ነበር። ጧት ጧት አጎንብሶ የአንዱን ወንዴ ክፍል በወረንጦ እየነቀለ፣ የሌላውን ብናኝ በቀጭን ብሩሽ እየቀባ፣ በወረቀት ከረጢት እየሸፈነ አዳቀለ። ዘሩ ከሽሮ ዱቄት ይደቅቃል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ችግኝ በቀለ። ፀሐዩ፣ የውሃው እጦትና የጎረቤት ፍየል ተጋግዘው ፈጁትና በሦስተኛው ዓመት ዘጠኝ ቀሩ። ከዘጠኙ አንዱ ብቻ ቀትር ላይ ቅጠሉን ሳይጥል ቀጥ ብሎ ዋለ።

አብተው ያንን አንዱን በግማሽ በርሜል ተከለው። አሲድ ሲያገኘው በሚቀላው የሊትመስ ወረቀት አፈሩን ለክቶ ኖራማነቱን አረጋገጠና እየወጣ እየገባ እንዲያየው ከወጥ ቤቱ ደጃፍ አስቀመጠው። ሚስቱን እናትነሽንም ጠራት። «ይኼ ልጃችን ነው። በዚህ ቤት የተረፈ ውሃ እንዳይደፋ፤ ለእሱ ስጪው» አላት። ልጅ ስላልነበራቸው እናትነሽ ነገሩን እንደ ቀልድ አልሰማችውም።

አምና የመጀመሪያው አበባ ወጣ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወይን ጠጅ። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ጓሮ ያሉት ስምንቱ እህቶቹ ሮዝ ሆነው ሲያብቡ እሱ ብቻውን ሰማያዊ ሆነ። የጠራ ሰማያዊ። ግንቦት ላይ አቧራ የሚያለብሰው የአዳማ ሰማይ ራሱ እንደዚያ አይጠራም።

በዚህ ጊዜ አፈሩን ድጋሚ መለካት ነበረበት። ቦሎቄ ቢሆን ኖሮ ይለካ ነበር። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለምን አልለካህም ቢሉት «አፈር የት ይሄዳል?» ይል ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነው።

ቢፈራም አይፈረድበትም። ዓይኑ እየሄደ ነው። ግላኮማ ነው ብለውታል። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፣ ቀኙም ከዳር ወደ መሃል እየጨለመ ነው። ሐኪሟን እውነቱን እንድትነግረው ሲለምናት «ቢበዛ አንድ ዓመት» አለችው። ሃይድራንጃ ከዘር እስከ አበባ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ይህን ለማስላት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ይህ አበባ እውነተኛ ካልሆነ አብተው ሌላውን አያይም።

ስለዚህ ለሊዲ ፎቶ ላከላት። ሊዲ ተማሪ ሳለች ለልምምድ መጥታ የወረንጦ አያያዝ ያስተማራት ልጅ ናት፤ ዛሬ ባቱ አጠገብ በአንድ የአበባ እርሻ የአዳዲስ ዝርያዎች ኃላፊ ሆናለች። ወዲያው ደወለች። «በኢየሱስ ስም! ጋሽ አብተው፣ ይኼ አዳማ ነው? ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ቁራጭ ወስደን እንሞክረዋለን፤ ከጸና በስምዎ እናስመዘግበዋለን።»

«በእኔ አይደለም» አላት። «እናትነሽ ነው የሚባለው።»

እናትነሽ ይህን በሰማች በማግስቱ ያልሰማ የማኅበር ጓደኛ አልነበራትም።

ቅዳሜ ጧት ጎረቤታቸው ሑስና በአጥር ላይ ተጣራች። ሑስና ከቤቷ ደጅ ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ የሰው አደራ የማታጎድል ሴት ናት። አብተው አምና ከአበባው አንድ ቁራጭ አጽድቆ በቆርቆሮ ተክሎ እሷ ዘንድ አስቀምጦ ነበር። የአዳቃይ ልማድ ነው። ፍየልም እሳትም አለና አንድ ግቢ አይታመንም።

«ጋሽ አብተው! ልጅዎ አብቦልዎታል፣ ይምጡና ይዩት!»

ጫማውን በቅጡ ሳያደርግ ሄደ። ቆርቆሮው ከሑስና መስኮት ሥር፣ እሱ ራሱ ካስቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። አንድ አበባ ይዟል። ሮዝ ነው።

አብተው ጎንበስ ብሎ በቀኝ ዓይኑ አየው። አንገቱን አዙሮ ደግሞ አየው። ያው ሮዝ ነው።

«የእኔ የት አለ?» አላት።

«ይኸው ነዋ!»

«ይኼ የእኔ አይደለም። ሑስና፣ ለማን ሰጠሽው?»

«እንዴ! ጋሽ አብተው!»

«ሰው መጥቶ አይቶታል። ለምኖሽ ሰጥተሽዋል። በምትኩ ይኼን ከችግኝ ጣቢያ አምጥተሽ...» አፉን መግታት አቃተው። ስድስት ዓመት አለ፣ ዓይኔ አለ። ሌባ የሚለው ቃልም ከአፉ ወጣ።

ሑስና እጇ ላይ የነበረውን ሊጥ በሽርጧ ጠረገች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ወላሂ ከዚህ ተነቅንቆ አያውቅም። ልጆቼን ከማጠጣበት ጀሪካን እየቀዳሁ ነው ያጠጣሁት። ውሃውም ያው ለእርስዎ ቤት ከሚመጣው ጋሪ ነው። እኔን ነው እንደዚህ የሚሉኝ?» አለችና ገብታ በሯን ዘጋች።

አብተው ተመለሰ። ግቢው ሲገባ እናትነሽ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ አጎንብሳ የባልዲዋን ዝቃጭ አበባው ሥር ታፈሳለች። በየቀኑ የምታደርገው ነገር ነው፤ ስንት ጊዜ እያያት አልፏል። ዛሬ ግን የሑስና ቃል ገና ጆሮው ላይ ነበርና ቀጥ ብሎ ቆመ። የሑስና አበባ የሚጠጣው ከጀሪካን ነው። ይኼኛው የሚጠጣው ከባልዲ ነው።

የባልዲው ነገር እንዲህ ነው። አብተው ያደገው ወንጂ ነው። ከልጅነቱ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጣ ስላደገ ጥርሱ ቡናማ ነው፤ አሁን ደግሞ ወገቡ አልታጠፍ እያለው ነው። እዚህ ሰፈርም የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ከመጣ ትልቅ ነገር ስለሆነ የሚጠጡት በአህያ ጋሪ የሚመጣውን የጉድጓድ ውሃ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የጤና ባለሙያ ለእናትነሽ መላ አሳየቻት። ነጭ ዱቄት ውሃው ውስጥ ጨምሮ ማማሰል፣ መጥፎው ነገር እስኪዘቅጥ መጠበቅ፣ ከላይ የጠራውን መጠጣት። አንድ ማንኪያ ይበቃል ብትባልም ለባሏ ወገብ ብላ ሁለት ትጨምራለች። ከታች የቀረው ድፍርስ ውሃ ደግሞ እንዳይደፋ ባሏ አዟታል።

«እናትነሽ፣ ያ ዱቄት ምንድን ነው?»

«የቱ ዱቄት?»

«የውሃው።»

«የውሃ መድኃኒት ነዋ! ሁለት ዓመት ጠጥተኸው ዛሬ ትጠይቀኛለህ?» ብላ ሳቀችና ልብስ ልትቀይር ገባች። ሊዲ ፎቶ ታነሣን ይሆናል ብላ ፀጉሯን ከትናንት ጀምሮ ተሠርታለች።

አብተው ወጥ ቤት ገብቶ ከረጢቱን ከመደርደሪያው አወረደ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው። በማጉያ መነጽር ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመው። አሉሚኒየም ሰልፌት ይላል።

ይህን ስም የአበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሮዝ ሃይድራንጃውን ሰማያዊ ማድረግ የፈለገ ሰው ገዝቶ ሥሩ የሚያፈሰው ይህንኑ ነው። አብተው የአራት መቶ አሥራ ሁለት ችግኞችን ቅጠል ቆጥሯል። የገዛ ቤቱን የወጥ ቤት መደርደሪያ ግን አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየም።

ከመሳቢያው ወረቀቱን አወጣ። ከበርሜሉ አንድ ጭብጥ አፈር ዘግኖ በብርጭቆ በጠበጠው፣ ጠለል እስኪል ጠበቀና ሰማያዊውን ወረቀት ነከረ። ወረቀቱ ቀላ።

በርሜሉን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ለአበባው አለቀሰ፣ ለዓይኑ አለቀሰ፣ ሑስናን ሌባ ላለበት አፉም አለቀሰ። ከውስጥ እናትነሽ «ይኼኛው ቀሚስ ይሻላል ወይስ አረንጓዴው?» ትለዋለች። «አረንጓዴው» አላት።

ሊዲ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። አበባውን ስታይ ቦርሳዋን እዚያው ጥላ ተንበረከከች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አበባው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ጋሽ አብተው፣ እኔ አላምንም!» አለች እንባዋ እየመጣ። «በዚህ አፈር! አፈሩን ለክተውታል አይደል?»

ለክቼዋለሁ ማለት ይችል ነበር። ውሸት እንኳ አይሆንም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ለክቶታል። ሊዲ ቁራጯን ይዛ ትሄዳለች፣ ባቱ ላይ እስኪያብብ አንድ ዓመት ይፈጃል፣ ያኔ እሱ አያይም። እናትነሽ የሚል ጽሑፍ የተሰቀለበት ተክል ዓመቱን ሙሉ ሰው እያየው ይቆማል። ማን ይጎዳል? ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

እናትነሽ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ከበረንዳው ታየዋለች።

«እስቲ ለእንግዳችን ለስላሳ ገዝተሽ ነይ» አላት። ከግቢ ስትወጣለት ሌላ ወረቀት ከኪሱ አወጣና ለሊዲ ሰጣት። «አንቺው ለኪው።»

ሊዲ ለካች። ወረቀቱ እጇ ላይ ቀላ። አብተው ባልዲውን፣ ዱቄቱን፣ የሑስናን ሮዝ አበባ፣ ሁሉንም ነገራት።

«እትዬ እናትነሽ ያውቃሉ?»

«አታውቅም። እንዳትነግሪያት አደራ። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ አጠጪው ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ሮዝም ቢሆን እኮ ፀሐዩን ችሏል፣ ጋሽ አብተው። ልውሰደው። ከእሱ ተነሥተን እንደገና እናዳቅላለን፣ በሦስት ዓመት...» አለችና ዓይኑን አይታ አቋረጠች።

«በሦስት ዓመት ማን ሊያየው?» አላት።

ሊዲ መቀሷን አውጥታ አንድ ቁራጭ ቆረጠችና በእርጥብ ጋዜጣ ጠቀለለች። ለአበባው ይሁን ለእሱ አዝና፣ አብተው አልጠየቀም።

ሊሸኛት በሩን ሲከፍት እናትነሽ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ይዛ ከውጭ ቆማለች። ከመጣች ቆይታለች። ከእግሯ አጠገብ ደግሞ ሮዝ አበባ ያለበት ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ሑስና አምጥታ ከበሩ ሥር ትታው ሄዳለች። ሊዲ ሁለቱንም አየችና እናትነሽን አቅፋ ስማት፣ ለስላሳውን ሳትጠጣ ሄደች።

አብተው ቆርቆሮውን አልፎ ሑስና በር ላይ ቆመ። «ሑስና፣ በድዬሻለሁ። አበባው የእኔው ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።» በሩ አልተከፈተም። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ «ሰምቻለሁ፣ ጋሽ አብተው። ዛሬን ግን ይተዉኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ተመለሰ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናትነሽ የባልዲውን ዝቃጭ ይዛ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆማ አገኛት። አታፈሰውም፣ አትመልሰውም። አረንጓዴ ቀሚሷን አላወለቀችም፣ ዓይኗ አብጧል።

«ይኼን የት ልድፋው?» አለችው።

አብተው በርጩማውን ጎትቶ፣ አበባው በቀኝ ዓይኑ በኩል እንዲሆንለት አድርጎ ከበርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ።

«እዚያው ነዋ» አላት።

«አብተው፣ ውሸት ነው እኮ። ለልጅቷ ስትነግራት ሰምቼሃለሁ። ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ።»

«አላበላሸሽም። አንድ ዓመት ነው የቀረኝ፣ እናትነሽ። ማየት እስካቆም ድረስ አጠጪው።»

እናትነሽ ጎንበስ አለችና ጠብታ ሳታስቀር አፈሰሰችለት።